የመኪና ፖሊሽ፦ መጨመር ወይስ መቀነስ?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ደግሞ ወደ ሱሉልታ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ዳርና ዳር «እጥበት፣ ግሪስ፣ ፖሊሽ» የሚል የእጅ ጽሑፍ የሰፈረባቸውን ቆርቆሮዎች ሳያይ አያልፍም። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም የላቫጆዎቻቸው መልክ ብዙም አልተለወጠም። ስለ ግሪሱ የምለው የለኝም፤ ወደ እጥበቱ ኋላ እመለሳለሁ። ይህችን አስተያየት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሦስተኛው ቃል ነው። ፖሊሽ የሚያስደርገው ባለመኪናም ሆነ ሥራውን የሚሠራው ወጣት በአብዛኛው የሚስማሙበት አንድ ስሕተት አለ፤ እርሱም ፖሊሽ በመኪናው ገላ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል የሚለው እምነት ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። ፖሊሽ የሚለውን ነገር አብዛኞቻችን አስቀድመን ያወቅነው ከሊስትሮ ሣጥን ነው። ሊስትሮው በጫማው ላይ ሰምና ቀለም ይቀባል፤ ሰሙ በቆዳው ስንጥቆች ውስጥ ገብቶ ገጹን ያስተካክላል፤ በጨርቅ ሲታሽም ያበራል። ጫማው ከሊስትሮው ፊት ሲነሣ፣ ሲመጣ ያልነበረውን ነገር ይዞ ይሄዳል። የመኪና ፖሊሽ በስም ከዚህ ጋር ይመሳሰል እንጂ በግብሩ ተቃራኒ ነው። ዋና ሥራው መፋቅ ነው።

የዘመናችን መኪና ቀለም አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከብረቱ ቀጥሎ ዝገትን የሚከላከል ሽፋን፣ ከዚያ ለቀለሙ መሠረት የሚሆን ሽፋን፣ ከዚያ ዓይናችን የሚያየው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን ይደረደራሉ። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ የእነዚህ ሁሉ ውፍረት ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያህል ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚህ ውስጥ የላይኛው ግልጽ ሽፋን ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት የሚያንስ ነው። ፀሐይን፣ ዝናብን፣ የወፍ ኩስንና የመንገድ ጨውን ለዓመታት የሚመክተው ይህ ስስ ገለፈት ነው።

በላቫጆዎቻችን የተለመደው በአንድ ዙር ተጀምሮ የሚያልቀው የፖሊሽ ዓይነት ነው። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ፋቂ ደቃቅ ቅንጣቶች (ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ)፣ ቅባቶች፣ እንዲሁም ሰም ወይም ሰው ሠራሽ ፖሊመር ይገኛሉ። ቅንጣቶቹ ግልጹን ሽፋን ይፍቃሉ፤ ቅባቱ ሳይፋቁ የቀሩትን ጭረቶች ሞልቶ ይሸፍናል፤ ሰሙ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ገጹን ይጠብቃል። በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ያህል ያነሣል። ይህ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን 40 ማይክሮን ግልጽ ሽፋን ያለው መኪና በየሦስት ወሩ ፖሊሽ ቢደረግና በእያንዳንዱ ጊዜ 2 ማይክሮን ቢነሣለት፣ በዓመት 8፣ በአምስት ዓመት 40 ማይክሮን ይሆናል። ይኸውም ሁሉም ስፍራ እኩል ከተፋቀ ነው። በበሩ ጠርዝና በኮፈኑ እጥፋት ላይ የማሽኑ ጫና ስለሚበረታ ሽፋኑ ከዚያ በፊት ያልቃል። ፖሊሹ በራሱ ክፉ ነገር ነው ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢው ይረዳልኝ። ለዓመታት ፀሐይ ላይ ቆሞ የፈዘዘ መኪና አንድ ጊዜ በዚህ ዓይነት ፖሊሽ ቢታደስ ተገቢ ነው። የምቃወመው ለሠርግ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ እንደ ልብስ መተኮስ የሚዘወተረውን ነው።

ታዲያ ይህን የሚያህል ጉድለት እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? ግልጽ ሽፋን ባልነበራቸው የድሮ መኪኖች ላይ ፖሊሽ ሲደረግ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይለብስ ነበር። ፀሐይ የመታውን ሰማያዊ ላዳ የወለወለ ሰው ጨርቁ ሰማያዊ ሲሆን ያያል፤ ከመኪናው የሄደውን ነገር በእጁ ይዞታል። ዛሬ የሚፋቀው ግን ቀለም አልባ ስለሆነ በጨርቁ ላይ የሚታየው የፖሊሹ ንጣትና ጥቂት እድፍ ብቻ ነው። ኪሣራው ምስክር የለውም።

ባለመኪናውን ወደ ፖሊሽ የሚገፋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ በኮፈኑ ላይ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ የክብ ጭረት ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ፊዚክስ ይፈቀድልኝ። ጭረቶቹ በአብዛኛው ክብ አይደሉም፤ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተሠመሩ ደቃቅ ጭረቶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብርሃንን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት በፀሐይዋ ነጸብራቅ ዙሪያ የክብ ቅስት አቅጣጫ ይዘው የተገኙት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ብርሃኑን ወደ ሌላ ይልኩታልና አይታዩንም። ይህን ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ከመኪናው አጠገብ ቆመው ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ይራመዱ፤ ክቡ ከነጸብራቁ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ጭረቶቹ የሚመጡት ከእጥበቱ ነው። በሰበታና በቡራዩ አጠገብ ያለው የወጨጫ ተራራ የጥንት እሳተ ገሞራ ሲሆን ዐለቱ በፌልድስፓር የበለጸገ ነው። የፌልድስፓር ጥንካሬ በሞስ መለኪያ 6 ገደማ ነው፤ ከመስኮት መስተዋት ይጠነክራል፤ ግልጹ ሽፋን ደግሞ ከመስተዋት እጅግ የለሰለሰ ነው። የድንጋይ ካባዎችና የገልባጭ መኪኖች የሚያስነሡት አቧራ ኮፈኑ ላይ አርፎ ሳለ፣ አንድ ባልዲና አንድ ጨርቅ ይዞ የሚመጣ አጣቢ ጨርቁን ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይለውጠዋል። በተለምዶ ኦሞ የምንለው የዱቄት ሳሙና ሲታከልበት ደግሞ የነበረውንም ሰም ያጥበዋል። እንዲህ እያለ ላቫጆው ጠዋት የጫረውን ከሰዓት በኋላ በክፍያ ይፍቃል። ይህን የሚያደርገው በተንኮል እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

በእነዚህ ከተሞች ነገሩን የሚያከፋው ከፍታው ነው። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ አትሌቶች ለልምምድ የሚወጡባት ሱሉልታ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ሱሉልታ ላይ የቆመ መኪና ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሩብ ያህል የበረታ ጨረር ይቀበላል፤ ያውም ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት። ግልጹ ሽፋን በውስጡ ይህን ጨረር የሚውጡ ውሕዶች አሉት። ሽፋኑ በሳሳ ቁጥር የሚውጠውም ያንሳል። በመጨረሻ ከጣሪያውና ከኮፈኑ ጀምሮ እንደ ቅርፊት መላጥ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ፖሊሽ ምንም አይፈይድም፤ ያለው መፍትሔ ዳግመኛ መቀባት ነው። ሁለት ክፍል ያላቸው የመኪና ቀለሞች ማድረቂያቸው አይሶሳያኔት የተባለ ውሕድ ሲሆን፣ ተገቢ ጭምብል ሳያደርግ የሚረጨውን ሠራተኛ ለአስም ይዳርጋል። በላቫጆው የባከነው ማይክሮን መጨረሻው በጋራዡ ቀቢ ሳንባ ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

መኪኖቻችን በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። አሁን በየደጃፉ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ቢሆኑ ሞተራቸው እንጂ ቀለማቸው የተለየ አይደለም። ለሽያጭ ዋዜማ ፖሊሽ የተደረገውን መኪና የሚገዛ ሰውም ጭረቱ በቅባት ተሞልቶ እንደሚያይና ከጥቂት እጥበት በኋላ ተመልሶ እንደሚገለጥ ቢያውቅ ይበጀዋል።

እኔ የምመክረው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አስቀድሞ አቧራውን ሳይነኩ በውኃ ማውረድ፣ ከዚያ በሁለት ባልዲ ማጠብ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁ የያዘውን ደለል ለማራገፍ። ከላይ ወደ ታች መውረድ፣ የጎማውን ጨርቅ ለኮፈኑ አለመጠቀም። ለበዓል ማብረቅ ሲያምር ፋቂ ቅንጣት የሌለበትን ሰም ብቻ መቀባት፤ ይህ እንደ ሊስትሮው በእርግጥ የሚጨምር ነው። ፖሊሽ የግድ ሲሆን ደግሞ አስቀድሞ ውፍረቱን መለካት። መለኪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን በብረት ላይ በመግነጢሳዊ መነሣሣት፣ በአሉሚኒየም ላይ በኤዲ ከረንት ይሠራል። የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ሁለቱንም በክፍል ይማሯቸዋል። ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት ጋር ተባብረው አንድ ቅዳሜ ላቫጆ ውስጥ ቢያሳዩት ምን ይገዳል?

ውኃ እጥረት ባለበት ስለ ሁለት ባልዲ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉኝ አሉ። ሳይዘጋ ከሚፈስ ቱቦ ይልቅ ሁለት ባልዲ ይቆጥባል፤ የሱሉልታው አረፋ በሙገር ወደ ዓባይ፣ የሰበታውና የቡራዩው ወደ አዋሽ የሚወርድ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። ይህን ሁሉ ሱሉልታ ላይ ለአንድ ፖሊሽ ሠሪ ወጣት ስነግረው በትዕግሥት አዳመጠኝና «ጋሼ፣ ሰው የሚከፍለኝ ለሚያየው ነው፤ ያልፋቅሁለትን ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። በቆርቆሮው ላይ «ሰም ብቻ» የሚል አራተኛ መስመር እንዲጨምር፣ ማሽንና ረጅም ሰዓት ስለማይፈልግም ከፖሊሹ በግማሽ ዋጋ እንዲሠራው ነገርኩት። ጥቂት አሰበና ግማሽ ዋጋ ያለው ነገር ለደንበኛ ግማሽ ሥራ እንደሚመስለው አስረድቶኝ፣ «ታዲያ እኩል ላስከፍል?» ሲል ጠየቀኝ። እኩል አስከፍል አልኩት።