በር የሌለው ሱቅ፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ መክፈት የሚያስብ ወጣት መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ኪራዩን ከየት አመጣለሁ?» የሚል ነው። ቦሌ ወይም መርካቶ አንዲት ጠባብ ክፍል ለመያዝ የወራት ኪራይ በቅድሚያ ይጠየቃል። ቴሌግራም ላይ ቻናል ለመክፈት ግን ስልክና ኢንተርኔት ይበቃል። ጫማው፣ ልብሱ፣ ኮስሞቲክሱ፣ የቤት ዕቃው፣ ያገለገለ መኪና ሳይቀር በዚህ መንገድ ይሸጣል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ቋሚ ወጪው ቀነሰ፣ የገበያው በር ሰፋ ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ማንም አይክደውም።

ችግሩ ኪራዩ ሲቀር ስጋቱም አብሮ የቀረ መምሰሉ ነው። አልቀረም፤ መልኩን ቀየረ እንጂ። የመርካቶ ነጋዴ እሳትና ሌባ ይፈራል፤ ስለዚህ ጥበቃ ይቀጥራል፣ በቁልፍ ላይ ቁልፍ ይደርባል። የቴሌግራምና የቲክቶክ ነጋዴስ ምን ይፈራል? ብዙዎቹን ብትጠይቋቸው «ተከታይ እንዳይቀንስብኝ» ይሏችኋል። ከዚያ የባሱ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ መሬቱ የራስ አይደለም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። የእኛው ግን በሰዓት የሚቆጠር አልነበረም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። እሺ፣ ሻጩ ቪፒኤን ጫነ እንበል፤ ገዢውስ? ሃያ ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ተከታዩ ካልገባበት ምንም አይሸጥም። እንዲህ ባለ ጊዜ የደንበኞቹን ስልክ በደብተር የያዘ ነጋዴ ደውሎ ይሸጣል። የተከታይ ቁጥር ብቻ የያዘው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ገንዘብ አይጠይቅም፦ የደንበኛውን ስም፣ ስልክና የገዛውን ዕቃ በፈቃዱ መዝግቡ፤ መዝገቡንም ከመተግበሪያው ውጭ አስቀምጡ። «በፈቃዱ» ያልኩት በምክንያት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰው መረጃ እንደፈለጉ የሚያከማቹት ነገር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ተመሳስሎ መሥራት ነው። ፎቶዎቻችሁን ገልብጦ፣ በስማችሁ ላይ አንዲት ፊደል ቀይሮ፣ ቀብድ ተቀብሎ የሚሰወር ቻናል ለመክፈት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጉዳቱ ደግሞ በተጭበረበረው ሰው ላይ አያበቃም። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመውና በኋላ ኖቤል ባሸለመው ጽሑፉ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ገዢ ደህናውን ከብልሹው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚከፍለውን ይቀንሳል፤ በዚህ ተጎድቶ ከገበያ የሚወጣው ደግሞ ደህናው ሻጭ ነው። የእሱ ምሳሌ ያገለገሉ መኪኖች ነበሩ፣ የእኛ ቀብድ ነው። አንዴ የተበላ ገዢ «ዕቃው እጄ ሳይገባ አንድ ብር አልከፍልም» ይላል። ትክክል ነው። ግን በቀብድ ዕቃ የምታስመጣዋ ሐቀኛ ነጋዴ መንቀሳቀሻ ገንዘብ አጣች ማለት ነው። መፍትሔው ለገዢው መለያ መስጠት ነው። በንግድ ስማችሁ የተከፈተ አንድ የባንክ ወይም የቴሌብር አካውንት ብቻ ተጠቀሙ፤ «ከዚህ ውጭ ክፍያ አንቀበልም» ብላችሁ በየገጻችሁ ላይ ለጥፉ። ስማችሁ ገበያ ካወጣ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የንግድ ምልክት አስመዝግቡ። አስመሳዩን ስትከሱ በእጃችሁ ማስረጃ ይኖራል።

ሦስተኛው የቤት ውስጥ ጣጣ ነው። ቻናሉን የከፈተው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ «ስልክ የሚችል» የአክስት ልጅ ወይም የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ናት። በቴሌግራም አሠራር ባለቤቱ ቻናሉን የከፈተው አካውንት ነው፤ ሌላው ሁሉ አድሚን ነው። ሠራተኛዋ ተጣልታ ስትወጣ ሱቁን ይዛው ልትሄድ ትችላለች ማለት ነው። «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጧት» የሚል ሊንክ ልኮ የማረጋገጫ ኮድ የሚቀበል ሌባም አለ። ባለቤትነቱን በራሳችሁ ቁጥር አድርጉ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፣ ኮድ ለማንም አትንገሩ። አድሚኑ የሚለጥፈውንም ተከታተሉ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥፋቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ሲፈጸም ቅጣቱን ያከብደዋል። ጫማ ሻጭ ነኝ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ በሕጉ ዓይን ግን ትልቅ ድምፅ ያላችሁ ናችሁ።

አራተኛው የወሬ ፍጥነት ነው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልክ ውስጥ ተዛምቶ፣ ባንኩ ራሱ እንደገለጸው፣ በሰዓታት ውስጥ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቷል ወይም ተዘዋውሯል። የአገሪቱን ትልቁን ባንክ ወሬ ከቀደመው፣ ሁለት ሠራተኛ ያለውን ሱቅ ምን ያህል ይቀድመዋል? «ዕቃቸው ፌክ ነው» የሚል አንድ ቪዲዮ ማታ ቢለቀቅ ጠዋት ትዕዛዝ ይሰረዛል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት ኮሜንቱን ማጥፋትና ቅሬታ አቅራቢውን ብሎክ ማድረግ ነው። የጠፋ ኮሜንት ስክሪንሾት ሆኖ ይመለሳል። ቅሬታው እውነት ከሆነ ባደባባይ ይቅርታ ጠይቁ፣ ገንዘቡን መልሱ። ሐሰት ከሆነ ማስረጃችሁን አሳዩ። ወሬውን የነዛው ተፎካካሪ ነጋዴ ከሆነም አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ይለዋል። ስክሪንሾቱን ከነቀኑ አስቀምጡ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የነጋዴው ድርሻ ነው። ግን ሸክሙን በሙሉ እሱ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። መንግሥት ለመዝጋቱ የጸጥታ ምክንያት ያቀርባል። የዚያን ምክንያት ሒሳብ ማን ይከፍላል የሚለው ግን አይነሳም። ትልቁ አስመጪ መጋዘንና የባንክ ብድር ስላለው ይሻገረዋል። በቴሌግራም ሹራብ ሸጣ የቤት ኪራይ የምትከፍለዋ ወጣት ግን ምንም መሻገሪያ የላትም። ወጣቱን «በዲጂታል ሥራ ፍጠር» የሚል መንግሥት፣ መስመሩን ሲዘጋ ቢያንስ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ሊናገርና ለጉዳቱ መልስ ሊኖረው ይገባል።

እስከዚያው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ማታ አንድ ቀላል ሒሳብ ሥሩ፦ ነገ ጠዋት ቻናላችሁ ባይከፈት ስንት ደንበኛ ደውላችሁ ታገኛላችሁ? መልሱ ከሃምሳ ካነሰ፣ ነገ የሚመጣውን የመጀመሪያ ገዢ ስልክ ቁጥሩን በመጠየቅ ጀምሩ።