ከአጥር ጓሮ ወደ ጎዳና፦ አሮጌዋን «ቮልስ» ማደስ ያዋጣል ወይ?

ለዓመታት በአጥር ጥግ ቆማ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች አሮጌ ቮልስዋገን ዛሬ ፈላጊ አግኝታለች። «ቦታ ያዘችብን» ትባል የነበረች መኪና አሁን «ትሸጣለች ወይ?» የሚል እንግዳ በር ያስንኳኳች ጀምራለች። ጠያቂው ሁልጊዜ ቅርስ የሚሰበስብ ባለጸጋ አይደለም። መምህር ሊሆን ይችላል፤ አነስተኛ ነጋዴ ወይም ምርቱን ሸጦ ለቤተሰቡ መመላለሻ የሚፈልግ አርሶ አደርም ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው አሮጌ መኪና መግዛት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን የዓመታት ቁጠባውን የሚያስይዝበት ውሳኔ ነው። ስለዚህም ነገሩ በናፍቆት ብቻ ሊታይ አይገባውም።

የፍላጎቱ መነሻ በቅርብ ዓመታት የተወሰዱ ውሳኔዎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ከውጭ ሲገቡ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር እየከበደ የሚሄድ ታክስ ጣለባቸው። አገሪቱ የሌሎች አገሮች አሮጌ መኪና ማራገፊያ እንዳትሆን የታሰበ ነበር። በ2016 ዓ.ም ጥር ወር ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። የተሰጠው ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ከአቅም በላይ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላርም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

እነዚህ ውሳኔዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አመክንዮ አላቸው። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ያላሰቡትን ውጤት አስከተሉ። አገር ውስጥ ያለ የነዳጅ መኪና ሁሉ፣ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ተተኪ የማይመጣለት ዕቃ ሆነ። ለኤሌክትሪክ መኪና በእርግጥ ማበረታቻ ተሰጥቷል፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ ቀረጥ ሲከፈልበት፣ ተበታትኖ የሚገባው ከቀረጥ ነጻ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋው አሁንም ከመካከለኛ ደመወዝተኛ አቅም በላይ ነው። ከዋና ከተማ ርቆ ለሚኖረው ሰው ደግሞ የት ባትሪውን እንደሚሞላ፣ ሲበላሽስ ማን እንደሚጠግንለት የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ያላነሰ ያሳስበዋል። የወረዳ ከተማ ነዋሪ የነዳጅ መኪናውን ቶሎ አይጥልም።

ታዲያ ለምን ቮልስ? በአገራችን ዕድሜ ጠገብ መኪና ሞልቷል። በአዲስ አበባ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲነቷ የምትታወቀው ላዳ፣ በጣሊያኑ ፊያት 124 አምሳያ በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራች፣ እሷም ጠንካራ ናት። ፔጆ አለ፤ ላንድሮቨር አለ። ቮልስን ከእነዚህ የሚለያት የአሠራሯ ቅለትና የመለዋወጫዋ ብዛት ነው። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ያህል የተመረተ መኪና ዕቃው ቶሎ አይጠፋም፤ ዛሬም በተለያዩ አገሮች እየተሠራላት ነው። በአገራችን ታሪክ ውስጥም ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የንጉሠ ነገሥት ዘመን ያበቃበት ጉዞ በተራ ዜጋ መኪና መሆኑ ያን ቀን ላዩት ሰዎች ከአዋጁ ያላነሰ ነገር ተናግሯል።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ ውሃ አይፈላባትም፣ ውሃ አይፈስባትም። ከደጀን ወርዶ ከአባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን የወጣ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቃል፤ በዚያ አቀበት ኮፈናቸውን ከፍተው የሚቆሙት መኪኖች ብዙውን ጊዜ ውሃ የፈላባቸው ናቸው። ይህ ማለት ግን ቮልስ አትግልም ማለት አይደለም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የሚዞረው ዲናሞውን በሚያዞረው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ማራገቢያውም ይቆማል። በዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ «ባትሪ አልሞላ ብሎ ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ» ብሎ መንዳቱን የቀጠለ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ይደርሳል። በሌላ መኪና ላይ ያ መብራት ጊዜ ይሰጣል፤ በቮልስ ላይ አይሰጥም። ትርፍ ቺንጋና ማጥበቂያ ቁልፍ ከመኪናዋ መጥፋት የለባቸውም።

ከፍታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደብረ ብርሃን ከ2 ሺህ 700 ሜትር ትበልጣለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደወትሮው ይሰጣል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላና በከንቱ የሚቃጠል ነዳጅ ነው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ ለደጋ አየር በሚስማማ ጠባብ መለወጥ ብቻ ነው። «ቮልስ ነዳጅ ትበላለች» የሚለው ወቀሳ በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስላል። በደንብ የተስተካከለች ቮልስ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 9 ሊትር ቤንዚን ትጠቀማለች። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር ባለፈበት ጊዜ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚመላለስ ሰው ቮልስን አልመክርም።

የገዢው ትልቁ ስሕተት ሞተሩን አስነስቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ተደስቶ ገንዘብ መክፈሉ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ የለመደ መካኒክ ለማውረድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ደካማ ሞተር ይታደሳል። ገንዘብ የሚበላው ቆርቆሮው ነው። ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ የባትሪ አሲድ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላዋል። ከበሮቹ በታች በግራና በቀኝ የሚሄዱት ክፍት ብረቶችም ውስጣቸው ውሃ እያቆረ ይዝጋል፤ እነሱ ከዛጉ መኪናዋ አጥንቷ ተሰበረ ማለት ነው። ሻጭ ይህን በስቱኮ ሞልቶ በቀለም ሊሸፍነው ይችላል። ገዢ ትንሽ ማግኔት ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል፤ ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። የኋላ መቀመጫውን አንስቶ፣ ምንጣፉን ገልጦ፣ ወለሉን በእጁ ተጭኖ ይመልከት። ይህን የከለከለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

መኪናዋ በእጅ ከገባች በኋላ የሥራው ቅደም ተከተል ቀለም መጨረሻ ላይ እንዲመጣ ያስገድዳል። ብዙዎች ግን ከቀለም ይጀምራሉ፤ ዓይን ቀድሞ ስለሚረካ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ፍሬን ነው። ቀጥሎ የቤንዚን ቱቦዎች፤ የደረቀ የላስቲክ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ቮልስን የሚያቃጥላት ዋነኛው ምክንያት ነው። ቱቦ መለወጥ ከአንድ ጎማ ዋጋ ያነሰ ወጪ ነው። ከዚያ ብየዳውና ባቲላሜራው፣ በመጨረሻም ቀለሙ።

ባቲላሜራ ስንል አንድ ነገር ልብ እንበል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቶርኖ፣ ባቲላሜራ፤ የጋራዦቻችን ቋንቋ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ከቃላቱ ጋር ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከዋና ባለሙያ ወደ ረዳት ሲተላለፍ ኖሯል። የታጠፈ ቆርቆሮ በመዶሻ መልሶ ቅርጹን የሚያስይዝ፣ የጠፋ ዕቃ በቶርኖ ቀርጾ የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ይህን ሙያ እምብዛም አይፈልጉትም፤ የተበላሸው ወጥቶ ሌላ ይገጠማል።

አርሶ አደሩ «የከተሜ የድሮ መኪና እኔን ምን አገባኝ?» ቢል መልሱ እዚህ ላይ ነው። የቮልስን ዘንግ የሚያስተካክለው ቶርኖ ቤት የእህል ወፍጮውንም ያስተካክላል። ካርቡሬተር የሚያውቀው መካኒክ በመስኖ ማሳ ላይ የቆመችውን የውሃ መሳቢያ ሞተር ያስነሳል። የጤፍና የስንዴ መውቂያ ማሽን ሲሰበር የሚበየደው በዚያው ብየዳ ቤት ነው። በመኸር ወቅት አንድ የተሰበረ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ማለት ዝናብ የመታው ምርት ማለት ሊሆን ይችላል። በወረዳ ከተማ የጥገና ሙያ እንዲኖር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ያስፈልገዋል፤ አሮጌ መኪኖች ያንን ሥራ ይሰጣሉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ወደ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሥልጠና መግባታቸው ተገቢ ነው፤ ይህን ሙያ እንደ ኋላቀር ቆጥረው ቢተዉት ግን ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው በገጠር ነው።

ከዚህ ጋር መነሳት ያለበት የደኅንነት ጉዳይ አለ፤ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ብዙም ማንሳት አይወዱም። ቮልስ የአየር ከረጢት የላትም። ብዙዎቹ የደኅንነት ቀበቶም ሳይኖራቸው ነው የተሠሩት። የቤንዚን ጋኗ ከፊት ነው። ከባድ ተሽከርካሪ በሚበዛበት አውራ ጎዳና ላይ በሌሊት ቤተሰብ ጭኖ መጓዝ የማይገባ ድፍረት ነው። ቀበቶ ማስገጠም ይቻላል፤ የመኪናዋን ጥንታዊነት ይቀንሳል ብሎ የሚከራከር ካለ ክርክሩን ከልጆቹ ጋር ያድርገው።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ በሕግ ለይተው አስቀምጠውታል። ጀርመን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ይዞታቸውም ለተጠበቀ መኪኖች የተለየ ሰሌዳ ትሰጣለች። በብሪታንያ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው ከመንገድ ግብር ነጻ ናቸው። ከእነዚህ የጀርመኑ ለእኛ የቀረበ ይመስለኛል፤ ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ይዞታንም ይጠይቃልና። በእኛ ዘንድ በየዓመቱ ለቦሎ የምትቀርብ የታደሰች ቮልስና ጭስ እየተፋች ቀኑን ሙሉ የምትሠራ የደከመች መኪና በአንድ ዓይን መታየታቸው ሁለቱንም አይጠቅምም። በዓመት ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የምትነዳና በሚገባ የተያዘች መኪና የራሷ መደብ ቢኖራት፣ ለደከሙት ላይ ጠበቅ ያለ ምርመራ ለማድረግም ይቀላል። አለበለዚያ «አሮጌ ይወገድ» የሚለው ቀን ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ምናለሽ ተራ ብረት ይሄዳሉ።

ከመግዛት በፊት የሚቀረው ሰነድ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የከሰረውም በዚህ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር በመካከለኛው ብረት ላይ ተቀርጿል፤ የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው በታች ይገኛል። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለባቸው። በ50 ዓመት ዕድሜዋ ሞተር ያልለወጠች ቮልስ ጥቂት ናት፤ ሞተሩ ተለውጦ ሊብሬው ካልተስተካከለ ስም ማዞር ጣጣ ያመጣል። ብዙ አሮጌ መኪኖች ደግሞ ስም ሳይዞርባቸው በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። ውክልና ደግሞ ሰጪው ሲሞት ይቋረጣል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ መኪናዋን አድሶ፣ ሊብሬው ላይ ግን የሟች ስም ያለበት ሰው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት መቆም ሊኖርበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙ በሊብሬው ላይ ያለው ሰው በሕይወት መኖሩና ቀርቦ ለመፈረም ፈቃደኛ መሆኑ ነው፤ ማግኔቱ ከዚያ በኋላ ይወጣል።