የመንገዱ ሣጥንና የሌሊቱ ቀለም



በመስቀለኛ መንገድ ዳር፣ ከትራፊክ መብራቱ አጠገብ የሚቆመውን የብረት ሣጥን አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? ቁመቱ እስከ ሰው ደረት ይደርሳል። ቀዩና አረንጓዴው መቼ እንደሚበራ፣ እግረኛው መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው መሣሪያ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን ለዓመታት ተደግፈነው አውቶቡስ ጠብቀናል፤ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው ተብለን ብንጠየቅ ግን አንመልስም። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሠፈር ይህ ሣጥን ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ልጅን ከአባት አኳርፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፈቃድ አግኝተው፣ ከምንሰግድበትና ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርኣን ከሚቀሩበት ቤት ፊት ለፊት ያለውን ሣጥን በሥዕል አስዋቡት። በአንዱ ጎን ጀበናና ሲኒ፣ በሁለተኛው ቀይ ፍሬ ያንዠረገገ የቡና ቅርንጫፍ፣ በሦስተኛው አውራ ዶሮ፣ በአራተኛው ደግሞ ነጠላ የተከናነበች ሴት ፊት ሣሉ። አራተኛው ጎን የሚያየው ወደ እኛ በር ነበር። ሐሳባቸው በአካባቢው የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን ማክበር ነው። ሥዕሉ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አንድ እሑድ ለሱብሒ ሶላት የወጡ ሰዎች ሣጥኑን አራቱም ጎኑ በወፍራም ግራጫ ቀለም ተለስኖ አገኙት።

ማን እንደቀባው እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም። በይፋ ነው ያልኩት። በዚያው ዕለት ከዒሻእ ሶላት በኋላ ሻይ ይዘን ክብ ሠርተን በተቀመጥንበት አንዱ «እጁ ይባረክ!» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ አልዋሽም። ይህንን የምጽፈው ስለዚያች ፈገግታ ነው። እናንተም የትም ብትሆኑ፣ በዚህም አገር ሆነ በሌላ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣላችሁ ቶሎ ፈገግ የምትሉ ከሆነ ጽሑፉ ለእናንተም ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በሥዕሉ ቅር የተሰኙትን ወንድሞችና እህቶች «ኋላ ቀር» እያሉ የሚያላግጡትን አልደግፍም። ጉዳዩ በእምነታችን ውስጥ ቦታ ያለው ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ዑለማእ ነፍስ ያለውን ፍጡር በእጅ መሳልን ይከለክላሉ፤ ከማሊኪያ መዝሀብ ደግሞ ጥላ ያለውን ቅርጽ ከጠፍጣፋው ሥዕል ለይተው የሚያዩ አሉ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ በዚህ ላይ ፈትዋ አልሰጥም። ደግሞም የመንገድ ሥዕል እንደ መጽሐፍ አይዘጋም፤ እንደ ቴሌቪዥን አይጠፋም። የሰባት ዓመት ልጅ አሊፍ ባ ለመቅራት በመጣ ቁጥር ያየዋል። ስለዚህ «ሣጥን አይደል እንዴ፣ ምን አገባችሁ?» የሚለው መልስ አይደለም። መንገዱ የሁሉም ከሆነ የመስጊዱም ሰው ከሁሉም አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን እጠይቃለሁ፦ በሌሊት ቀለም ይዞ መውጣትን ከየት አመጣነው?

አንዳንዶች የመካን መከፈት ይጠቅሳሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በካዕባ ዙሪያ የነበሩትን 360 ጣዖታት አላስወገዱምን? አስወግደዋል። ታዲያ ከዚያ ቀደም ያለውንም ታሪክ አብረን እናንብበው እንጂ! በ628 (እ.ኤ.አ.) በሑደይቢያ ከቁረይሾች ጋር ውል ተዋዋሉ። በተከታዩ ዓመት፣ በ629፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር መካ ገብተው ዑምራ ሲያደርጉ እነዚያ ጣዖታት በቦታቸው ቆመው ነበር። ጠዋፍ አደረጉ፤ ሦስት ቀን ቆዩ፤ ውላቸውን አክብረው ወጡ። አንድም ሰው በሌሊት ተነስቶ አንድም ጣዖት አልነካም። በ630 ያስወገዷቸው በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማይቱ በእጃቸው ከገባች በኋላ፣ ከአላህ ቤት ዙሪያ ነው። እነዚያም የሚሰገድላቸው ነበሩ። ለትራፊክ ሣጥን የሚሰግድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁን? እኛስ ወደዚህ አገር ስንገባ፣ ቪዛ ስንቀበል፣ ከዚያም ቀኝ እጃችንን አንስተን የዜግነት ቃለ መሐላ ስንፈጽም የገባነው ውል አይደለምን?

የዓኢሻ (ረ.ዐ) መጋረጃም ይጠቀሳል። እውነት ነው፤ ሥዕል ያለበትን መጋረጃ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠልተውት እንዲወርድ ሆኗል፤ ከዚያም ተቆርጦ መደገፊያ ትራስ ሆነ። መጋረጃው ግን የገዛ ቤታቸው መጋረጃ ነበር! በጎረቤት ቤት የተሰቀለ አልነበረም።

ይልቅ ብዙዎቻችን የማናነሳው አንድ ታሪክ አለ። በ637 ሙስሊሞች የፋርሶችን ዋና ከተማ መዳኢንን ሲይዙ የጦሩ መሪ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ነበሩ። የኪስራን ታላቅ አዳራሽ መስገጃ አደረጉት። ጦበሪ በታሪክ መጽሐፋቸው እንደመዘገቡት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከጄሶ የተሠሩ የሰዎችና የፈረሶች ምስሎች ነበሩ፤ ሙስሊሞቹም እንዳሉ ተዋቸው። ሰዕድ ጀነት ከተበሰሩት አሥር ሶሓቦች አንዱ ናቸው። የእኛ ባለ ግራጫ ቀለም ከእርሳቸው ይልቅ ለዲኑ የሚቆረቆር ሆኖ ነውን?

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ የሚያመውም እዚህ ጋ ነው። ሣጥኑ ከመሳሉ በፊት ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ምሰሶው ላይ አንድ ወር ያህል ቆይቷል። በየቤቱም ወረቀት መጥቷል። በዚህ ከተማ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አለ፤ አማርኛም የመንግሥት ወረቀቶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህም ወረቀት በአማርኛ ተጽፎ ነበር! «አስተያየት ያላችሁ በቤተ መጻሕፍቱ በሚደረገው ስብሰባ ተገኙ» ይላል። እኔ ወረቀቱን ከፒሳ ቤት ማስታወቂያ ጋር ጠቅልዬ ጣልኩት። አማርኛ አይቼ «ደግሞ ማን ሊሸጥልኝ ነው» ብዬ ይመስለኛል። የተማሪዎቹ መምህር በኋላ እንደነገረችኝ ከመስጊዱ አንድም ሰው አልተገኘም። እንጀራ የሚሸጡ አንዲት ክርስቲያን እናት ግን ሥራቸውን ዘግተው መጥተው «ጀበና ካልተሳለበት ኢትዮጵያ ምኑ ላይ አለች?» ብለው ተከራክረዋል። ጀበናው የተሳለው በእርሳቸው ክርክር ነው። እኛ የት ነበርን? ብንሄድ ኖሮ የሚያስወጣን አልነበረም።

ብንሄድስ «አትሳሉ» ከማለት ሌላ የምናቀርበው ነገር አልነበረንምን? ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) በሥዕል ሥራ የሚተዳደር ሰው መጥቶ ሲጠይቃቸው ከነገሩት በኋላ መውጫ አሳይተውታል፦ የግድ የምትሠራ ከሆነ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ሣል ብለውታል። በ705 እና በ715 መካከል የተሠራውን የደማስቆ ታላቁን መስጊድ የሚያውቅ ያውቃል። ግድግዳው በወርቅና በአረንጓዴ ጠጠር የተሠራ ነው፤ ወንዝ፣ ዛፍ፣ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ሞልቶታል፤ አንድም ሰው፣ አንድም እንስሳ የለበትም። በዓለም ላይ ያሉ የጥበብ ሰዎች እስከ ዛሬ ያደንቁታል። ሩቅም ሳንሄድ፣ ዓለም በ2006 በቅርስነት የመዘገባት ሐረር ጁገል የእኛው አይደለችምን? የሐረሪ እናቶች ከቀጭን ሣር የሚሰፉት የግድግዳ ስፌት፣ በቀይና በጥቁር እየተጠላለፈ ከመሐል ወደ ዳር የሚፈሰው ሐረግ፣ በአራቱም የሣጥን ጎን ላይ ቢወጣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ የሚያየው አልነበረምን? ተማሪዎቹ ይህን አላወቁም። ከየት ይወቁት? የሚያውቁት እናቶች ቤታቸው ተቀምጠዋል፤ አባቶችም ከዒሻእ በኋላ ሻይ ይጠጣሉ።

ሣጥን መቀባት ትናንት የተፈለሰፈ ሙስሊሙን የማስቆጫ ዘዴ የሚመስላቸውም አሉ። በአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ከተማ ነዋሪዎች የትራፊክ ሣጥኖችን መሳል የጀመሩት በ1999 ነው። ቦስተንም በ2008 ተከትላለች። በዚሁ በዋሽንግተን በ1970ዎቹ የ911 ስልክ ሲመጣ ሥራ የፈቱት የድሮ የፖሊስና የእሳት አደጋ መጥሪያ ሣጥኖች ነበሩ፤ ከ2000 ጀምሮ የየሠፈሩ ሰው የራሱን ታሪክ እንዲያኖርባቸው ተጋብዟል። የሣጥን ቀለም ምክንያቱም ተራ ነው። ባዶ ግራጫ ብረት ማታ ማታ በስፕሬይ ስማቸውን የሚጽፉ ጎረምሶችን ይጋብዛል፤ ሥዕል ያለበትን ግን ብዙ ጊዜ ይተዉታል። የእኛንም ሣጥን እነዚያ ጎረምሶች ትተውት ነበር። እነርሱ ያከበሩትን ያላከበረው ከእኛ ወገን ነው ተብሎ ሠፈሩ ሁሉ ሲያወራ ጆሮአችን ይስማ።

ሕጉንም እናውቀው ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በኒው ዮርክ ኩዊንስ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባል በሥዕል የተሸፈነ ሕንፃ ነበር። ባለቤቱ በ2013 አንድ ሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባበት። ልብ በሉ፤ የገዛ ንብረቱ ነው! ሠዓሊዎቹ በ1990 የወጣውን ሥዕልን ከጥፋት የሚጠብቅ ሕግ ይዘው ከሰሱት፤ በ2018 ዳኛው ለ21 ሠዓሊዎች ስለ 45 ሥዕሎች 6 ሚሊዮን 750 ሺህ ዶላር ፈረደላቸው፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። የሣጥኑ ሥዕል ያንን ያህል ዋጋ አለው ማለቴ አይደለም። የራሱን ግድግዳ ያስቀባ ሰው እንዲህ ከሆነ የሰውን ንብረት የቀባው ምን ሊባል ነው?

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ቀለሙ የተለሰነው በችኮላ ስለነበር ሣጥኑ የሚተነፍስበትን ወንፊት ደፍኖታል። ሊያጸዳ የመጣው ሠራተኛ እየፋቀ፣ ውስጡ ያለው መሣሪያ አየር ካላገኘ ሊሞቅና ሊበላሽ እንደሚችል ነገረን። መብራቱ ሲበላሽ የሚሻገሩት እነማን ናቸው? ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳቸውን አንጠልጥለው የሚመጡት ልጆቻችን! ከመንገድ ላይ እንቅፋትን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ለእነዚሁ ልጆች እናስተምራለን። ወንፊቱን የደፈነው ሰው ይህን ተምሮ ይሆን?

አሁን ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ስሟን አልጽፍም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በቅዳሜው ትምህርት ጁዝ ዐምማን ጨርሳ ትናንሾቹን የምታግዝ ናት። ከሣዮቹ ተማሪዎች አንዷ እርሷ ነበረች። የሴቲቱን ፊት አልነካችም፤ ዶሮውንም አልነካችም። «እኔ ነፍስ ያለው አልስልም» ብላ ለጓደኞቿ ነግራ የቡናውን ቅርንጫፍ ብቻ ሠራች። እንግዲህ ከእኛ መካከል በዚያ ጉዳይ ላይ ዲኑን በተግባር ያሳየች እርሷ ብቻ ነበረች፤ ያውም ማንም ሳይነግራት፣ በጓደኞቿ ፊት። ሌሊት የመጣው ሰው ግን ፊቱን ከቅርንጫፉ አልለየም፤ ሁሉንም ደፈነው።

ያን እሑድ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ልታሳየው ሄዳ ነበር። ቤት ስትመለስ አባቷን «የቀባው ሙስሊም ነው አይደል?» አለችው። አባቷ ዝም አለ። ከዚያ «አንተስ ስትሰማ ምን አልክ?» አለችው። አባቷ ከዒሻእ በኋላ አጠገቤ ተቀምጦ ሲስቅ የነበረ ወዳጄ ነው። ልጁን ምን ብሎ ይመልስላት? ማታ ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ልጅቱ ሦስት ቅዳሜ ከትምህርቱ ቀረች። ትናንሾቹ «የት ሄደች?» ሲሉ ኡስታዙ «ታማለች» አላቸው። አልታመመችም።

እኛ በየኹጥባው ልጆቻችን ከመስጊድ እየራቁ ነው፣ ኢንተርኔቱ ወሰደብን፣ የዚህ አገር ትምህርት ቤት ወሰደብን እያልን እናለቅሳለን። ይህችን ልጅ ማን ወሰዳት?

ከሃይማኖት ውጭ በሆነ ምክንያትም ሥዕል ያጠፉ ሰዎች አሉ፤ የሮክፌለር ሰዎች በ1934 የሜክሲኮውን ሠዓሊ የዲየጎ ሪቬራን ግድግዳ የሌኒን ፊት አለበት ብለው አፍርሰዋል። ሌላው አጥፍቷልና እኛም እናጥፋ ማለት ግን ለሙስሊም የሚመጥን ክርክር አይደለም። ቅሬታ ያለው ወገን ቅሬታውን ስሙን ጠርቶ፣ በቀን፣ ሰው ፊት ያቅርብ። ሥዕሉ ከበራችን ፊት እንዲዞር፣ ወይም በሌላ እንዲተካ እንጠይቅ፤ እምቢ ብንባል እንኳ ተጠይቀን እምቢ የተባልን ጎረቤቶች እንጂ በጨለማ የምንፈራ ጎረቤቶች አንሆንም።

ሠራተኛው ግራጫውን ሙሉ በሙሉ ሊፍቀው አልቻለም፤ በአንዱ ጥግ ሁለት ቀይ የቡና ፍሬ ብቻ ይታያል። ሣጥኑ እንደገና ይሳላል ተብሏል። አዲሱ ወረቀት መጥቷል፤ አሁንም በአማርኛ ነው። የዛሬው ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፏል። ስብሰባው ሐሙስ ከቀኑ በ12 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ነው። ልጅቱ የሐረር ስፌት ፎቶግራፍ ከአያቷ ተቀብላ ይዛ እንደምትመጣ አባቷ ነግሮኛል። በሻዩ ክብ ላይ ከነበሩት ለአራቱ ደወልኩ። አንዱ እመጣለሁ አለ። አንዱ ሥራ አለኝ አለ። «እጁ ይባረክ» ያለው ስልኩን አላነሳም። አራተኛው ደግሞ እዚያ አካባቢ መኪና ማቆሚያ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ይገኛል ብዬዋለሁ።