ሣሩን የለቀቀው ማን ነው?



ከጎንደር ለሽርሽር ኮሶዬ የሚወጣ ተማሪ ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር የሚነጩትን ጭላዳዎች በስልኩ ቀርጾ ይመለሳል። ሲያያቸው ሰላም የሰፈነበት ኑሮ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዚያ ጀምሮ እስከ ስሜን ተራሮች ድረስ በሣሩ ላይ የማያቋርጥ ፉክክር አለ። ይህን ፉክክር በደንብ ካልተረዳነው ጥፋቱን በማይገባው ላይ እንጭናለን።

ብዙዎቻችን ጥፋተኛ የምናደርገው አዳኙን አውሬ ነው። ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አይገኝም፤ የቀረውም 500 ገደማ ብቻ ነው። ዋና ምግቡ በግ ሳይሆን አይጥና ፍልፈል ነው። በመንዝ ጓሳ በተደረገ ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ያህል ተሳክቶለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ብቻ። የጭላዳ ግልገሎችን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። አዳኝ እንኳ ልኩን ሲያውቅ ይጠቀማል ማለት ነው።

ከአደኑ ይልቅ የሚከብደው ሽሚያው ነው። ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ከብት፣ በግና ፈረስ የሚፈልጉት ያንኑ ሣር ነው። ሣሩ ሲላጭ አይጥ መብልና መሸሸጊያ ያጣል፤ ቀበሮውም ይራባል። ማንም ማንንም ሳይነክስ ሁሉም ይጎዳል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ያደረገውን የስሜን ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ሲያስገባው፣ የዋልያ ቁጥር መቀነስና የሰው መስፋፋት ከምክንያቶቹ ነበሩ። በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ፤ ደስም አለን።

ሆኖም ሣሩን የለቀቀ ወገን አለ። ፓርኩ ውስጥ ከነበረችው የግጭ መንደር፣ አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑ ከ400 በላይ አባወራዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። «ገበሬ ለዱር እንስሳ ደንታ የለውም» የሚል ሰው እነሱን ያስብ። ገብስ ዘርቶ፣ ከብት አርብቶ የኖረ ሰው ከተማ ሲገባ ሌላ ፉክክር ይጠብቀዋል፤ ለሥራ፣ ለቤት፣ ለገበያ። በዚህኛው ፉክክር ልምድ የለውም።

እኔ እንደማምነው፣ ፓርኩ እንዲጠበቅ የምንፈልግ ሁሉ የእነዚህ ሰዎች ባለዕዳ ነን። ዕዳው ደግሞ በወሬ አይከፈልም። በእረፍት ቀን የሚያስጠና ተማሪ፣ የእንስሳት ሕክምና የሚማር፣ ሕግ የሚያውቅ፣ ንግድና ሒሳብ የሚያሳይ በመካከላችን ሞልቷል። የዘንድሮው ጉዟችን ኮሶዬ ላይ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ ብቻ አይሁን፤ ደባርቅ ድረስ ይዝለቅ። መጀመሪያ ቁጭ ብለን እንስማቸው፤ የሚያስፈልጋቸውን የሚነግሩን እነሱ ናቸው።