ፍላጻው በሹሉ፣ ድንጋዩ በክብደቱ

በጥቅምት ወደ ወረታ ብቅ ያለ ሰው በፎገራ የሩዝ ማሳዎች ወንጭፍ የያዙ ወፍ ጠባቂ ልጆችን ያያል። ከእነዚህ አንዱ፣ ተማሪያችን፣ የሞተች ቆቅ ይዞ መጣ። «ኡስታዝ፣ በወንጭፍ መትቼ ነው የገደልኳት። ትበላለች?» ቤታቸው ሥጋ የሚታየው በዒድ ነውና ጥያቄው ቀላል አልነበረም።

ሰሓባው ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም ስለ አደን ፍላጻ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ የአላህ ስም ተወስቶበት በሹሉ ወግቶ የገደለው ይበላል፤ በጎኑ መትቶ የገደለው ግን አይበላም። አዳኝ ፍላጻ ሲመርጥ ስለቱን ይይ ማለት ነው። የወንጭፍ ድንጋይ የሚገድለው ቀጥቅጦ እንጂ ወግቶ አይደለም። ተደብድቦ የሞተ ደግሞ በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 3 ተከልክሏል፤ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው ካረዱት ግን ሐላል ነው።

ዐብዱላህ ኢብኑ ሙገፈል ባስተላለፉት ሐዲስም ጠጠር ማስፈንጠር ተከልክሏል፤ ጥርስ ይሰብራል፣ ዓይን ያጠፋልና። ወላጆች ሆይ፣ በየማሳው የሚመላለሱት ልጆቻችን ናቸው። ወፍ ለማባረር ጅራፍ ማጮህ፣ ጣሳ መምታትም ይቻላል።

ልጁ ቆቋን ጣላት። እንደከበደው አይተናል፤ አላህ የተሻለውን ይተካለት። ወላሁ አዕለም።