ያሠራው ተጽፎ የሠራው ሲረሳ

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ቪዲዮ ጌም ነው። «ጊዜ የሚበላ ነገር፣ ምን አገባን?» እንዳትሉ፣ አገባን።

ልጆቹ በቂርያት ሞሼ በየቤቱ የሚጫወቱት ጌም ሁሉ ሠሪ አለው። ዊኪፔዲያ የሚባለው፣ ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበት የሚችለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፔዲያ፣ ስለታወቁት ጌሞች ገጽ አለው። በገጹ ጎን ባለው ሣጥን ውስጥ የሠራው ስቱዲዮ በአንድ መስመር፣ አውጥቶ የሸጠው ኩባንያ በሌላ መስመር ይጻፋል። ሸማኔውና ሸማውን ገበያ ላይ የሚሸጠው ነጋዴ አይቀላቀሉም ማለት ነው።

ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን እኛ እናውቀዋለን። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግንቡን ከሠሩት እጆች መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል፤ አባቶቻችንም ሲያወሩ ሰምተናል። ዛሬ ግን ቱሪስቱ «የፋሲል ግንብ» ብሎ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ያሠራው ተጽፏል፣ የሠራው የለም። የአንድ ግንበኛ፣ የአንድ እንኳ፣ ስም ንገሩን ብንባል ከየት እናመጣለን?

ሌላም ደግ ሕግ አላቸው። ስቱዲዮ ስሙን ቢለውጥ የድሮ ሥራው በድሮ ስሙ ይቆያል። ብዙ ወላጅ የሚማረርበትን ጂቲኤ የሚባለውን የመኪናና የወንጀል ጌም እንውሰድ። በ1997 የመጀመሪያውን የሠሩት ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ ከተማ የነበሩ ዲኤምኤ ዲዛይን የሚባሉ ናቸው። ስቱዲዮው ኋላ ተሸጦ ሮክስታር ኖርዝ ተብሏል። በ1997ቱ ጌም ገጽ ላይ ግን እስከ ዛሬ ዲኤምኤ ዲዛይን ነው። ሥራው ሲሠራ የነበረው ስም አይፋቅም።

ለኛስ እንዲህ ያለ ሕግ ማን ባወጣልን! በ1984ም ሆነ በ1991 በልጅነታችን ስንመጣ ስንቱ ልጅ ከአውሮፕላን ወርዶ ሳይውል ሳያድር የዕብራይስጥ ስም ተሰጠው። የአያት ስም «ሼም ሚሽፓሓ» ተብሎ ቴውዳት ዜሁት ላይ ገባ፤ እናት ያወጣችው ስም ቤት ውስጥ ብቻ ቀረ።

ታዲያ ዊኪፔዲያም ቢሆን ጉድለት አለበት። የስቱዲዮው ስም አለ፤ ከዋና ዋናዎቹ በቀር ግን ቁጭ ብለው የሠሩት ሰዎች አይገቡም። ይሄ የቆየ በሽታ ነው። አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970ዎቹ የፕሮግራመሮቹን ስም አያወጣም ነበር። ዋረን ሮቢኔት የሚባለው ሠራተኛ «አድቬንቸር» በተባለው ጌም ውስጥ ድብቅ ክፍል ሠርቶ ስሙን እዚያ ጻፈ (ጎበዝ!)። ሌሎች አራት ደግሞ ትተው ወጥተው በ1979 አክቲቪዥንን ከመሠረቱት መካከል ሆኑ፤ እዚያ የሠሪው ስም ከጌሙ ጋር ይወጣ ጀመር።

ዛሬ ሄርጽሊያ ላይ ፕሌይቲካ፣ ቴል አቪቭ ላይ ሙን አክቲቭ የሚባሉ የጌም ኩባንያዎች አሉ። ልጆቻችን ከጻቫ ሲወጡ እንዲህ ያለ ሥራ ይፈልጋሉ። በሥራችን ከምናገኛቸው ወጣቶች መካከል ማመልከቻ ላይ የአያታቸውን ስም ለውጠው የሚጽፉ አሉ፤ «ስሙን አይተው እንዳይጥሉት» ይላሉ። አንፈርድባቸውም። አንዳንድ ወላጅ ግን «ደመወዙን ያምጣ እንጂ ስም ምን ያደርጋል?» ሲል አንስማማም። በዚህ ሙያ ጌሙ ሲያልቅ የሚያልፈው የሠራተኞች ዝርዝር እንደ ምስክር ወረቀት ነው፤ ቀጣዩ አሠሪ የሚያየው እሱን ነው። እዚያ ላይ የሌለ ልጅ ምን ያሳያል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሚባል ስቱዲዮ አለ፤ መሥራቹ ዳዊት አብርሃም ይባላል። «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» የሚባሉ የስልክ ጌሞች ሠርተዋል። «ቅኔ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ለፈረንጅ ባዶ ድምፅ ነው፤ ለእናንተ ግን ሰሙም ወርቁም ይመጣላችኋል። ዳዊትንም እንደ ፈረንጅ ወግ «አብርሃም» ብለው ከጻፉት ጌሙን የሠራው አባቱ ይመስላል!

ስለ ገበጣ ካነሳን አይቀር፣ ዊኪፔዲያ የታተመ ምንጭ ይጠይቃል። የአባባ ቃል ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ በመንደራችሁ ገበጣ ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ጠጠር እንደነበረው፣ ማን እንዳስተማራችሁ ለልጅ ልጆቻችሁ አጫውቷቸው፤ እነሱም ይጻፉት፣ ያሳትሙት። የእናንተ ስም፣ የአባታችሁና የመንደራችሁ ስም ከላይ ይግባ። ጌም የሚሠራ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ስሙ በዝርዝሩ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ይጠይቅ፤ አጻጻፉን እናንተ አርሙለት።