ፏፏቴውን ነው ወይስ እህትህን?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከጭሮ ነው። እኔ የድሮ ልጅ ስለሆንኩ አሰበ ተፈሪ ብል ቅር እንዳይላችሁ፤ አፌ ላይ ቀርቶ ነው። ጸሐፊው የ20 ዓመት ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ታላቅ እህቴ በሚቀጥለው ወር ወደ አረብ አገር ልትሄድ ነው። ከመሄዷ በፊት አዋሽ ፏፏቴ ወስጄ ፎቶ ላነሳት ቃል ገብቼላታለሁ። አምና ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ በስልኬ ያነሳሁት ሁሉ ተበላሽቶብኛል። ወይ ውሃው ነጭ አንሶላ ይመስላል፣ ወይ የሰው ፊት ከሰል ሆኖ ይወጣል። ደህና ካሜራ ልከራይ ወይስ ሌላ መላ አለ?»

ወንድሜ፣ የኪራዩን ገንዘብ ለእህትህ ስንቅ አድርገው። ጥፋቱ የስልክህ ሳይሆን የሰዓቱ ነው። ይሄን የምልህ ደግሞ እኔው ራሴ ተቀጥቼበት ነው።

በ1989 ዓ.ም. ፈተና ጨርሰን አምስት ጓደኛሞች ከአሰበ ተፈሪ በሚኤሶ በኩል ወደ አዋሽ ወረድን። ካሜራው በልመና የተገኘ፣ ፊልሙ ደግሞ በመዋጮ የተገዛ ነበር። ያኔ ፏፏቴ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረው ጢስ ዓባይ ነው፤ እኛም እንደዚያ ያለ ፎቶ አማረን። ቦታው ስንደርስ ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ሆኗል። ከመካከላችን አንዷ የታወቀች ሳቂታ ነበረች። ጀርባዋን ለፏፏቴው ሰጥታ ስትስቅ ቀጭ አደረግኳት። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ታዲያ ፊት የለም! ጥቁር ጥላ፣ በመሐሉ ነጭ ጥርስ። እንዴት እንደሳቅንባት ምን ልበላችሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ያቺ ልጅ ታማ አረፈች። ለቅሶ ስደርስ እናቷ፣ «ስትስቅ የተነሳችው የለህም ወይ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ያለኝ ያው ነበርና ወስጄ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ቆይተው አዩት። በመጨረሻ «ፏፏቴው ቆንጆ ነው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

እናም ወንድሜ፣ የምመክርህ ይሄን ይዤ ነው።

በመጀመሪያ ካሜራ እንደ ዓይናችን አለመሆኑን ልብ በል። ዓይናችን ነጩን አረፋም የሰውን ፊትም አንድ ላይ ያያል። ካሜራ ግን የብርሃኑን መጠን በአማካይ ይለካና አንዱን ለማዳን ሌላውን ይሠዋል። ነጩ ውሃ ስክሪኑን ከሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉን ያጨልማል፤ ፊት ከሰል የሚሆነው ያኔ ነው። ለፊቱ ካስተካከለ ደግሞ ውሃው ይቃጠላል። የኛ የጠይሞቹ ችግር በፊልም ዘመን ይብስ ነበር። ኮዳክ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቀለም ማስተካከያ አድርጎ ለማጠቢያ ቤቶች ያሠራጨው «ሸርሊ» የተባለ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች። የኛን መልክ ያሰበበት አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። በኛ አገር ሚያዝያና ነሐሴ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ዓይን ስር ጥላ፣ አገጭ ስር ጥላ፣ ውሃው ላይ ደግሞ መብረቅ! ከጭሮ አዋሽ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በጠዋት ተነስተህም ብትወጣ ስትደርስ ይረፍድብሃል። ከቻልክ አዋሽ ሰባት እደሩና የፓርኩ በር እንደተከፈተ ግቡ። ካልሆነም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሰማዩ ከደመነ ደግሞ አትዘን፤ ስስ ደመና ለፎቶ አንሺ የተላከ ጃንጥላ ነው፣ ፊትም ውሃም እኩል ይወጣሉ።

ቀስተ ደመና ካማራችሁ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉና ጢሱን ተመልከቱ። ፀሐይዋ ዝቅ ማለት አለባት፤ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ። ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ ቁልቁል ካያችሁ ግን ከዚያም ትንሽ ይቆያል።

አሁን ወደ ስልክህ። ውሃውን ብቻ ስታነሳ ስክሪኑ ላይ ነጩን በጣትህ ንካው፤ ብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ብቅ ትላለች። አረፋው ክር ክሩ እስኪለይ ወደ ታች ጎትታት። ውሃው እንደ ሐር እንዲለሰልስ ከፈለግክ ካሜራው ለሩብ ሰከንድ ያህል ክፍት ይቆይ፤ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፍና በራሱ ቆጥሮ እንዲያነሳ አድርግ፣ እጅ ይንቀጠቀጣላ! የሌንሱን ጠል በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጥረግ። ክረምት ከሆነ ደግሞ አዋሽ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላልና ነጭ ውሃ አትጠብቅ። እሱም የራሱ ውበት አለው።

እህትህን ስታነሳ ግን ፊቷን ንካ እንጂ ውሃውን አትንካ። ቀትር ላይ ከደረሳችሁ ዛፍ ጥላ ስር አቁማት። አንድ ሰው ነጭ ነጠላ ከደረቷ ዝቅ አድርጎ ይዘርጋላት፤ ከጨርቁ የሚመለሰው ብርሃን ፊቷን ያበራዋል። ወይም ቀትርም ቢሆን ፍላሹን አብርተህ ጠጋ ብለህ አንሳት። ከኋላዋ ያለው ውሃ ይቃጠላል? ይቃጠል! ፏፏቴው የትም አይሄድም። የምትሄደው እሷ ናት።

አንድ ነገር አደራ። ለፎቶ ብላችሁ እርጥብ ዐለት ጫፍ ላይ እንዳትቆሙ፤ ወንዙ አዞም አለበት፣ የፓርኩ ስካውት የሚላችሁን ስሙ። በክረምት በጨርጨር ተራሮች ስር ባሉት ትንንሽ ፏፏቴዎች የምትዝናኑ የሂርናና የበደሳ ልጆችም አስተውሉ። እናንተ ጋ ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ደራሽ ውሃ ከላይ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ጎርፍም የመጣው ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ ነው።

በመጨረሻ፣ ፎቶውን ስልክህ ውስጥ አታስቀረው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ፎቶ ቤት ወስደህ ሁለት አሳትም፤ አንዱ እናታችሁ ጋ ይቀመጥ፣ ሌላውን እህትህ ከፓስፖርቷ ጋር ትያዘው።

መልካም መንገድ በልልኝ። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!